ንጹህ ናሙና

«ቶሎ በይ እንጂ! እማዬ ካርድ ክፍል ጨርሳ ልትመጣ ነው» አለች እታለም፣ በበሩ ስንጥቅ እያንሾካሾከች።

ድንቢጥ የሆስፒታሉ ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ፣ ቢጫ ክዳን ያለውን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ በሁለት እጇ ይዛለች። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ስምና የካርድ ቁጥር የእህቷ ነው። ውስጡ የሚገባው ሽንት ግን የድንቢጥ እንዲሆን ከተስማሙ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላቸውም።

«አልመጣልኝም» አለች።

«ያን ሁሉ ውሃ ጠጥተሽ?»

«ፈርቼ ነዋ!»

«ቧንቧውን ክፈቺው። ድምፁን ሲሰማ ይመጣል።»

ከፈተችው፤ እውነትም መጣ። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ወጣች። እታለም ዕቃውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው።

«ወይ ጤና!» አለች። «እንዴት ያምራል ባክሽ። የእኔ ይሄን ከመሰለ ስንት ጊዜው።»

ቀልዷ ነበር። ሳቁ ግን ለሁለቱም አልመጣላቸውም። እታለም ዕቃውን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ሄደች።

ድንቢጥ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች የወጣላት ስም እስከ ዛሬ አለቀቃትም፤ አሁን አሁንማ አስተማሪዎቿም በዚያው ይጠሯታል። እታለም በአራት ዓመት ትበልጣታለች። ድንቢጥ አፏን ስትፈታ «እታለም» ብላ ጠራቻትና ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏት እታለም አለ። ድንቢጥ ይህችን እህቷን እምቢ ብላት አታውቅም። የሰበረችው እታለም፣ የተገረፈችው ድንቢጥ የሆነችበት ብርጭቆ አንድ ሁለት አይደለም።

እታለም ከሁለት ዓመት በፊት ነው የታመመችው። መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቿን አመማት፤ ቀጥሎ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ነገር ወጣባት፤ ከዚያ ትኩሳቱ አልላቀቅ አላት። ሉፐስ ነው ተባለ። ዶክተሯ ስታስረዳቸው፣ ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቀው የራሱ መከላከያ አለው፤ ሉፐስ ሲይዝ ያ መከላከያ ይሳሳትና የገዛ አካሉን ያጠቃል ብላ ነበር። እናታቸው ቤት ሲደርሱ ነገሩን በራሷ አነጋገር አሳጠረችው። «በአጭሩ ዘበኛው ሰክሮ የቤቱን ሰው እየደበደበ ነው በሉኝ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽታው እነሱ ቤት «ዘበኛው» ነው። እታለምን ሲያማት ዘበኛው ተነሣ ይባላል፤ ሲሻላት ተኛ ይባላል።

ባለፈው ዓመት የማጠናቀቂያው ፈተና ሲሰጥ ዘበኛው ተነሥቶ እታለም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የክፍሏ ልጆች ፈተናውን እንደጨረሱ መጥተው አልጋዋ ዙሪያ ተኮለኮሉና በጥያቄዎቹ መከራከር ጀመሩ። እሷም ተኝታ መልሱን እየነገረቻቸው «ይሄን ስታችሁት? ፋሮች!» እያለች ስታሾፍባቸው ዋለች። ሲሄዱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀረች፤ ድንቢጥ ምሳዋን ብታመጣላትም አልዞረችም።

ዘንድሮ ፈተናው አራት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ እታለም ወደ ጆሮዋ ተጠግታ ሁሉንም ነገረቻት።

«ሽንቴ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ መሥራት ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ኩላሊቴ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ካዩት ዛሬውኑ ያስተኙኛል።»

«ታዲያ መታየት የለበትም?»

«ይታያል! ከፈተናው ማግሥት በራሴ እግር መጥቼ እነግራቸዋለሁ። እማዬ ትሙት። አራት ሳምንት ምን አላት? አታካብጂ።»

ድንቢጥ አላካበደችም። ውሃውን ጠጣች።

ውጤቱ የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

እናታቸው የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የቤቱ የፊት ክፍል ዓመቱን ሙሉ በሰማያዊ ጨርቅ የተሞላ ነው፤ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ ስፒል አለመኖሩን በእጁ ዳብሶ ነው። እሷ ራሷ አፏን በስፒል ሞልታም ወሬ አታቋርጥም። ማንበብ ትችላለች፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ግን «የቁጥር ጫካ ነው፣ እኔ እዚያ ገብቼ መውጫውን አላገኘውም» ትላለች። ስለዚህ ወረቀቱን ማንበብ የድንቢጥ ሥራ ነው።

አነባበቡም ቀላል ነው። ላቦራቶሪው ከልኩ የወጣ ቁጥር ጎን ኮከብ ያትማል። ሌላ ቤት ኮከብ ያገኘ ልጅ ይሸለም ይሆናል፤ እነሱ ቤት ግን ኮከብን የሚወድ የለም። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚቆጥሩት ኮከቡን ብቻ ነው። ሲበዛ እናታቸው ታለቅሳለች፣ ሲያንስ ትዘፍናለች፤ ኮከቡ ከየትኛው ቁጥር አጠገብ እንደቆመ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

«ስንት ነው?» አለች እናቷ፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች።

«አራት።»

«አራት? ያለፈው ወር ዘጠኝ አልነበረም እንዴ?»

«ዘጠኝ ነበር።»

«እስቲ ስኳሩን በይኝ!»

እታለም ጠዋት ጠዋት የምትወስደው ነጩ ክኒን ዘበኛውን ያስተኛል፤ በዚያው ግን የደሟን ስኳር ሽቅብ ይሰደዋል። እናቷ ከሁሉ አስቀድማ ስኳሩን የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

«ስኳሩ ኮከብ የለውም። ወርዷል።»

«ሽንቱስ?»

ድንቢጥ ወደ ታች ወረደች። ፕሮቲን፣ የለም። ደም፣ የለም። እዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ስለ ራሷ ነው።

«ንጹህ ነው» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እናቷ የደስታ መሰላት።

«ልጄን! ተመስገን! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!» ብላ ሁለቱንም አንድ ላይ ጎትታ አቀፈቻቸው። እታለም በእናቷ ትከሻ ላይ ድንቢጥን ጠቀሰቻት። ወዲያው ግን ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ እንዳይታይ ይሆናል።

«አራቱ የምንድን ነው ታዲያ?» አለች እናታቸው ስትረጋጋ።

«የቅባት ነው። ኮሌስትሮል፣ ምናምን። አራቱም በጣም ጨምረዋል።»

«ቅባት! ቅባት ምን አባቱ! የተጠበሰ ነገር እናቆማለን፣ እንቁላሉን እንተዋለን፣ አለቀ።»

ከወረቀቱ ግርጌ ዶክተሯ በእጇ «በሁለት ሳምንት ትመለስ፤ ቅባቱ ለምን እንደጨመረ ይታይ» ብላ ጽፋለች። እናታቸው ይህንንም በደስታ ተቀበለችው። «እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ሐኪም የት ይገኛል» አለችና ስፒሎቿን መልሳ ወደ አፏ ወሰደች።

ቅዳሜ እናታቸው የእታለምን የዩኒፎርም ጃኬት ልታጠብበው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የዛሬ ስድስት ወር፣ ክኒኑ ፊቷንና ወገቧን ሲያሳብጠው፣ በጎንና በጎኑ ያሰፋችው ራሷ ናት። «ወገቧ ተመለሰልኝ» እያለች አሮጌውን ስፌት እንድትፈታ ለድንቢጥ ምላጭ ሰጠቻት።

ድንቢጥ የጎኑን ስፌት ፈትታ ወደ ኪሱ ስትደርስ ጣቶቿ ጠጠር የመሰለ ነገር ነኩ። የኪሱ ገበር ተቀዷል። በቀዳዳው ሁለት ጣቶቿን አስገብታ አወጣችው። ክኒን ነው። ነጩ ክኒን። አንዱን ተከትሎ ሌላው ወጣ፤ የጨርቅ ብናኝ ይዟቸው፣ አንዳንዶቹ ምራቅ አሟምቷቸው መልሰው የደረቁ፣ አሥራ ሁለት ሆኑ።

«ምን አገኘሽ?» አለች እናቷ ከስፌት መኪናው ሳትነሣ።

«ቁልፍ ነው» አለች ድንቢጥ። እጇን ጨበጠች።

እታለም ከቤቱ ጀርባ ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ታጠናለች። ፀሐይ ዘበኛውን ስለሚቀሰቅሰው በሙቀቱም እጅጌዋ ረጅም ነው። እግሮቿን ዱካ ላይ ሰቅላ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ድንቢጥ ፊቷ ቆማ እጇን ከፈተች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እታለም ክኒኖቹን አየቻቸው። ልትዋሽ አልሞከረችም።

«ከምላሴ ሥር አቆየውና እማዬ ስትዞር አወጣዋለሁ።»

«ለምን?»

«ፊቴን ረሳሽው? ጨረቃ አክሎ አልነበር?»

«ለፊት ብለሽ?»

«ለፊት አትበዪኝ!» አለች እታለም መጽሐፉን እየዘጋች። «አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ፈታሽ በር ላይ አስቆመኝ። የመታወቂያዬን ፎቶ አየ፣ እኔን አየ። ‹የሰው መታወቂያ ይዘሽ ልትገቢ ነው?› አለኝ። ከኋላዬ የክፍሌ ልጆች ተሰልፈዋል። እኔ ነኝ ብለው፣ እኔ ነኝ ብለው፣ አይሰማኝም። በመጨረሻ አንዷ ልጅ ከሰልፉ ወጥታ ‹እሷ ናት፣ ታማ ነው› አለችው። ከዚያማ እያዘነልኝ አስገባኝ። ድንቢጥ ሙች፣ ቢከለክለኝ ይሻለኝ ነበር። ፈተናው ላይም መታወቂያ እያዩ ነው የሚያስገቡት። እዚያም ሰው ይመስክርልኝ?»

ድንቢጥ ይህን አታውቅም ነበር። ያን ቀን እታለም ከትምህርት ቤት መጥታ «ራሴን አሞኛል» ብላ እንደተኛችና እሷም የቴሌቪዥኑን ድምፅ አልቀንስም ብላ እንደተጣሉ ትዝ አላትና በራሷ አፈረች።

«ግን ካልዋጥሽው ዘበኛው…»

«ተኝቷል። ወረቀቱን አንቺው አይደለሽ ያነበብሽው?»

«እታለም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው እኮ እኔ ነኝ!»

ከፊት ክፍል የመኪናው ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ድንቢጥ ዓይኗን መሬት ላይ ስትጥል የእህቷን እግር አየችው። ካልሲው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጥልቅ ቀለበት ሠርቶባታል፤ ከቀለበቱ በላይ ያለው እግር እንደ ሊጥ አብጧል። ድንቢጥ ተንበርክካ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አልሞላም።

«ቆሜ ስለዋልኩ ነው» አለች እታለም እግሯን እየሰበሰበች።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። የት ነው የቆምሽው?»

እታለም ክኒኖቹን ከእጇ ላይ ለቀመቻቸው። «ለእማዬ እንዳትነግሪ። ማይልኝ» አለቻት። ድንቢጥ ማለች። ምላ ስታበቃ ግን አፏ መረራት።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ክፉ ነበሩ። ምግብ አልወርድ አላት። አስተማሪው ጠርተዋት የምታውቀውን ጥያቄ አጥታው ቆማ ቀረች። ጠዋት ጠዋት እናቷ ክኒኑንና ውሃውን ይዛ እታለም ፊት ስትቆም፣ እታለም ስትውጥ፣ እናቷ «ጎሽ የኔ እናት» ስትል፣ ድንቢጥ ደብተሯን የምትፈልግ መስላ ጓዳ ትገባ ነበር። ብትናገር እህቷ ፈተናው ለሁለተኛ ጊዜ ያመልጣታል። ዝም ብትል ደግሞ ያ ጉድጓድ አለ። ሌት ተቀን ሁለቱን እያገላበጠች አንዱንም ልትመርጥ አልቻለችም። «እኔ ቤት አሁን ደግሞ ሁለት በሽተኛ ሆነ?» ብላ እናቷ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ትኩሳት አልነበራትም።

በቀጠሯቸው ቀን ዶክተሯ ኮምፒውተሯን ወደ እነሱ አዙራ ጠበቀቻቸው። ገና ወጣት ናት፤ ስታስብ በብዕሯ ጫፍ ጆሮዋን የመነካካት ልማድ አላት። እናታቸው አንዱን ወንበር፣ እታለም ሌላውን ያዙ። ድንቢጥ ከኋላቸው ቆመች።

«አንድ ጥናት ላይ እንዳለሽ ታስታውሻለሽ አይደል?» አለቻት እታለምን። «ስልሳ የሉፐስ ታካሚዎች ናችሁ። የደማችሁ ስኳርና ቅባት፣ ሕመሙ ሲነሣ አብሮ ይነሣ እንደሆነ ነው የማጠናው። ይሄ ቀዩ መስመር ሕመሙ ነው። እናንተ ዘበኛ የምትሉት ማለቴ ነው» ብላ ፈገግ አለች። «ሰማያዊው ደግሞ ቅባቱ ነው። የአብዛኞቹን ተመልከቱ፤ ኩላሊታቸው ፕሮቲን ማፍሰስ ሲጀምር ጉበት ቅባት ማብዛት ይጀምራል። ቀዩ ሲወጣ ሰማያዊውም ይወጣል።»

እናታቸው ራሷን ነቀነቀች። እንዳልገባት ግን ያስታውቅባት ነበር።

«ይሄ የአንቺ ነው። ቅባትሽ ጣሪያ ነክቷል። ሽንትሽ ግን ንጹህ ነው፤ ስለዚህ ቀዩ መሬት ላይ ተኝቷል። ከስልሳው እንዲህ የሆነው የአንቺ ብቻ ነው። ስኳርሽም በአንድ ጊዜ ወርዷል። ይህን ያህል ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ እንዲህ አይወርድም።» ብዕሯ ጆሮዋ ላይ ቆመ። «ክኒኑን እየወሰድሽ ነው?»

«በሰዓቱ» አለች እታለም።

«እኔው ነኝ የምሰጣት፣ ዶክተር!» አለች እናቷ ከወንበሯ ልትነሣ እየቃጣች። «ጠዋት ጠዋት ውሃውን ይዤ ፊቷ ቆሜ፣ ስትውጥ ዓይኔ እያየ! እርስዎን ባታምን ማንን ታምናለች? ውሸት ከሆነ በእኔ ይድረስ!»

ድንቢጥ የእናቷን የአንገት ጀርባ ታያለች። ከቀሚሷ ኮሌታ ላይ አንድ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሏል። ልታነሣላት እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጠየቅ ሥራዬ ሆኖ ነው» አለች ዶክተሯ። «እንግዲህ ወይ ቅባቱ በሌላ ምክንያት ወጥቷል፣ ወይ በሽንቱ ላይ ስሕተት አለ። የሕመሙን መነሣት የሚያሳየው የደም ምርመራ ሌላ ቦታ ተልኮ ገና አልመጣም። ስለዚህ አሁኑኑ ሽንት እንደገና ትስጠኝ። ንጹህ ከሆነ እኔም ልቤ ያርፋል፤ ክኒኑንም መቀነስ እንጀምራለን።»

«ንጹህ ካልሆነስ?» አለች ድንቢጥ። ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«ዛሬውኑ እናስተኛታለን። በደም ሥር የሚሰጥ ጠንከር ያለ መድኃኒት አለ።»

«ሁለት ሳምንት ብትቆይስ?»

ዶክተሯ ብዕሯን ከጆሮዋ አወረደች። «ኩላሊት ሲጎዳ አይጮኽም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዳንድ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሄደው ሄደ ነው፤ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ደማቸው በማሽን ነው የሚታጠበው። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። መሬት ላይ የተኛው ያ ብቸኛ ቀይ መስመር፣ ከስልሳ ሰው ተለይቶ ዶክተሯን ያሳሰባት መስመር፣ የእሷ ሽንት ነው።

እናታቸው ኮሪደሩ ጫፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይዛው የመጣችውን የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ መትከል ጀመረች። የትም ብትሄድ ሥራ ሳትይዝ አትሄድም። «ሊቀንሱላት ነው እኮ» አለች ለአጠገቧ ሴትዮ፣ ማንነቷን እንኳ ሳታውቅ። ፊቷ እንዲህ ፈክቶ ከታየ ዓመት አልፎታል።

ሽንት ቤቱ በር ላይ እታለም አዲሱን ዕቃ ዘረጋችላት። ድንቢጥ አልተቀበለችም።

«ሰምተሻታል፣ እታለም።»

«ሰምቻለሁ።»

«በማሽን አለች እኮ።»

«አንዳንድ ሰው ነው ያለችው። ሁሉም አላለችም።» እታለም ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። አንቺ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ እያልሽ ትመጫለሽ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። የክፍሌ ልጆች ሄደዋል፤ አሁን የማላውቃቸው ልጆች መሐል ነው የምቀመጠው፣ አሮጊቷ ነው የሚሉኝ። ዘንድሮም ካመለጠኝ በቃ፣ በሽታው ብቻ ነው የሚቀረኝ። ሁለት ሳምንት፣ ድንቢጥዬ። ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።»

ለምናት ታውቃለች፤ ብዙ ጊዜ። ይህን ማንሣት ግን የዛሬ ወግ አልነበረም።

«ከተናገርሽ» አለች እታለም፣ «ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልሽም። እውነቴን ነው።»

እውነቷን እንደሆነ ድንቢጥ ገብቷታል። ዕቃውን ተቀበለችና ገባች። በሩን ቆልፋ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። አሁን አንዴ ብቻ ብትሸና እህቷ ትወዳታለች፣ እናቷ ስትዘፍን ትሄዳለች፣ ዶክተሯ ልቧ ያርፋል። ሁሉም ይደሰታል። ክኒኑም ይቀንሳል፤ ማንም የማይውጠው ክኒን። እግሩ ደግሞ ማበጡን ይቀጥላል። አውራ ጣቷ ላይ ያ ያልሞላ ጉድጓድ እስካሁን ይሰማታል። እህቷን ማጣት ከሁሉ በላይ ትፈራለች፤ ግን የትኛው እንደሚያሳጣት አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለየችው። እታለም ብትጠላትም እንኳ፣ በሕይወት ኖራ ትጥላት።

ፊቷን ታጥባ ወጣች። እታለም መጀመሪያ ያየችው ዕቃውን ነው። ባዶ ነው።

«ድንቢጥ» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር። እጅጌዋን ያዘቻት።

ድንቢጥ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች። መስኮቱ አሥር እርምጃ አይሆንም፤ ግን ሁለት ጊዜ ቆመች። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ባለሙያ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረው አይደለም፤ ይህን ሰው አይታው አታውቅም።

«ዕቃውን እዚያ አስቀምጪና ሂጂ» አለ ቀና ሳይል።

ባዶውን ዕቃ ቁጥሩ ወደ እሱ እንዲሆን አድርጋ አስቀመጠችው።

«ከሁለት ሳምንት በፊት በዚህ ቁጥር የመጣው ሽንት የእሷ አይደለም» አለች።

ሰውየው ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«የእኔ ነው። አታለናችሁ ነው። ክኒኑንም እየዋጠች አይደለም፤ እግሯም አብጧል። እባክዎ ለዶክተሯ ይንገሩልኝ።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። የዕቃውን ቁጥር አነበበ፤ ከዚያ በድንቢጥ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ኋላዋ አየ። ከኋላዋ ትንፋሽ ይሰማታል፤ እያጠረ፣ እየተቆራረጠ። ለመዞር አልደፈረችም። ከኮሪደሩ ጫፍ የእናቷ ሳቅ መጣ።

«አንቺ ምኗ ነሽ?» አላት ሰውየው።

«እህቷ ነኝ» አለች ድንቢጥ።